የጉማራ እንቁላልና ቀጭኑ ብርሃን

ኑማ፣ ላውጋችሁ። ከወሬታ ወደ ባሕር ዳር ስትሄዱ የጉማራን ድልድይ ትሻገራላችሁ። ክረምት ነው እንበል። ሩዙ ውኃ ውስጥ ቆሟል፤ ወንዙ ከጉና ተራራ ባወረደው አፈር ደፍርሷል። ይሄኔ ነው ባርበስ የሚባለው ዓሣ ከጣና ተነስቶ ሽቅብ የሚወጣው። ጠጠር ላይ ኩልል እያለ የሚወርድ ገባር ሲያገኝ እንቁላሉን ይጥልና ወደ ሐይቁ ይመለሳል። እናትም አባትም ቆሞ አይጠብቅም።

እንቁላሉ ግን ሥራ ላይ ነው። አንዱ ሕዋስ ሁለት፣ ሁለቱ አራት ይሆናል፤ ጀርባ ይበጃል፣ ዓይን ይወጣል፣ ልብ መምታት ይጀምራል።

ሰው ይህን የዓሣ ሽል ሥራ በሕይወት ሳለ ለማየት ብዙ ደክሟል። አስቸጋሪው ብርሃኑ ነበር። የተለመደው ማይክሮስኮፕ አንዲት ስስ ገጽ ለማሳየት ብሎ ሽሉን ከላይ እስከ ታች በጨረር ይመታዋል። ጨረሩ ሲደጋገም ሕዋሱ ይጎዳል፤ ሽሉም ይሞታል።

መላው ከጎን መጣ። በጎጆ ግድግዳ ሽንቁር የገባች ጨረር አቧራውን ስታሳይ አይታችሁ የለ? በፈረንጆቹ 1903 ዚደንቶፕፍና ዚግሞንዲ የሚባሉ ሳይንቲስቶች በዚሁ ዘዴ መስታወት ውስጥ የተበተነ የወርቅ ብናኝ አዩ። ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ2004፣ ጀርመን አገር ሃይደልበርግ ላይ ያን ሁስከን፣ ኤርንስት ስቴልዘርና ባልደረቦቻቸው ብርሃኑን በስሱ ዘርግተው ከጎን ወደ ሽል ሰደዱት። ካሜራው የበራውን ገጽ ባንዴ ያነሳል፤ ነጥብ በነጥብ ስለማይለቅም ፈጣን ነው። ቀሪው አካል ጨለማ ውስጥ ያርፋል።

ያኔ ከታዩት አንዱ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ሜዳካ! የጃፓን ሩዝ ማሳ ዓሣ። በ2008 ደግሞ የባርበስ የሩቅ ዘመድ የሆነው የዜብራ ዓሣ ተራ ደረሰ። ሽሉ ሳይሞት፣ ሕዋሳቱ 16 ሺህ ገደማ እስኪደርሱ፣ የመጀመሪያ ቀኑን ሙሉ ተከታተሉት።

እንግዲህ የዓሣ ሽል ብርሃን እንኳ ሲበዛበት የሚሞት ፍጥረት ነው። በእኛ ወንዞች ግን ዓሣ የሚገድለው የብርብራ ዱቄት ይበተንበታል፤ የተኛበት ጠጠር ይዛቃል፤ እናቱ ወደ ላይ ስትወጣ መረብ ይጠብቃታል። ከጣና ባርበሶች አብዛኞቹ ደግሞ ሌላ አገር የሉም። የጉማራና የርብ ወንዞች ዳር ሰዎች ሆይ፣ ከሐምሌ እስከ መስከረም ገባሮቹን ለዓሣው ተዉለት።