መኪና አልነሣ ሲል

በ1900 ዓ.ም. ቤንትሌይ የተባለው እንግሊዛዊ ለዳግማዊ ምኒልክ መኪና ባቀረበ ጊዜ ሞተሩን የሚያስነሣው የሰው ክንድ ነበር። በ1904 ዓ.ም. ግን ካዲላክ የኬተሪንግን የኤሌክትሪክ ሞተሪኖ ገጠመ። ክንድ ዐረፈ፤ የብልሽቱ ምክንያት ግን ከዓይን ተሰወረ።

ሶዶ ላይ፣ ከዳሞታ ግርጌ፣ መኪናው አልነሣ ያለው ሾፌር በቁልቁለቱ ያስገፋል። ቁልቁለት ሞተር ያስነሣል እንጂ ሕመሙን አያድንም፤ ወደ አርባ ምንጭ ሲወርድ በሁምቦ ቆላ ሞተሩ ቢጠፋ ተሳፋሪው በመንገድ ይቀራል።

ስለዚህ የፊት መብራት አብርቶ ቁልፉን ያዙር። መብራቱ ቢፈዝ ባትሪው ደክሟል፣ ወይም ማሰሪያው ላልቷል፤ ደምቆ ሳለ ሞተሪኖው ዝም ቢል ጥፋቱ በቁልፉ፣ በሽቦው ወይም በሞተሪኖው ይፈለግ። ሞተሪኖው እያዞረ ሞተሩ እንቢ ቢል እሳቱና ነዳጁ ይመርመሩ። ሐኪም ሳይመረምር መድኀኒት አያዝም፤ ሾፌርም ሳይመረምር ባትሪ አይለውጥ።