ካርቡሬተር፦ «በልክ» ሲባል በደጋ

ካርቡሬተር አየርንና ቤንዚንን በልክ አደባልቆ ለሞተር የሚያቀብል ዕቃ ነው። የፍቺው ክብደት ያለው «በልክ» በሚለው ላይ ነው፤ አንድ ኪሎ ቤንዚን በሙሉ እንዲነድ 14.7 ኪሎ ያህል አየር ይፈልጋል። ይህን ልክ የሚያስገኘው ማስተካከያ ግን እንደ ከፍታው ይለያያል። ለምሳሌ የማክሰኝት ከተማ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ አየሯ ከባሕር ዳርቻው በአንድ ስድስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ ከፍ ወዳለችው ደባርቅ ሲደረስ ልዩነቱ ሩብ ገደማ ይሆናል። ቤንዚኑ ግን በዚያው መጠን ስለማይቀንስ፣ ለቆላ የተስተካከለ የአሮጌ ቮልስዋገን ሶሌክስ ካርቡሬተር ደጋ ሲወጣ ቤንዚን ያበዛል፤ ጭሱ ይጠቁራል፣ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፣ ጉልበቱም ይደክማል። ትልቅ ካርቡሬተር መግጠምም መፍትሔ አይሆንም፤ አፉ ከሞተሩ አቅም በላይ ሲሰፋ የአየሩ ፍጥነት ይቀንሳልና ቤንዚኑ በደንብ አይበተንም።

መፍትሔው ቤንዚን የሚያሳልፈውን ቀዳዳ ማጥበብ ነው። በዚህ ላይ «ቀዳዳው ከጠበበ፣ ወደ ቆላው መተማ ሲወረድ ሞተሩ ይግላል» የሚል ተቃውሞ ይነሳል። ሥጋቱ እውነት ነው፤ ቆላ ላይ አየሩ ስለሚወፍር ቤንዚኑ ያንሳል። መልሱ ግን ደጋውን በጥላሸት መንዳት ሳይሆን፣ መኪናው ዘወትር ለሚውልበት ከፍታ ማስተካከልና ለረጅም የቆላ ጉዞ ሰፊውን ቀዳዳ መልሶ መግጠም ነው። ማረጋገጫው ካንዴላው ላይ ይገኛል፤ ጥቁር ከሆነ ቤንዚን በዝቷል፣ ነጭ ከሆነ አንሷል፣ ፈካ ያለ ቡናማ ከሆነ ልክ ነው።