«ጎ» ያለፈ ጊዜውን ከየት አመጣ?

እንግሊዝኛ የሚማር ሰው ገና ከጅምሩ የሚጋፈጠው እንቆቅልሽ አለ፦ መሄድ «ጎ» ከሆነ፣ ሄደ እንዴት «ዌንት» ይሆናል? አንድም የጋራ ፊደል የላቸውም።

መልሱ ግልጽ ነው፤ «ዌንት» የሌላ ግስ ንብረት ነበር። በጥንቱ እንግሊዝኛ መሄድ «ጋን»፣ ሄደ ደግሞ «ኤኦዴ» ይባል ነበር። በጎን ግን ማዞር የሚል ፍቺ ያለው «ዌንዳን» ነበረ። «ሴንድ» «ሴንት» እንደሚል ሁሉ፣ በኋላ «ዌንድ» የሆነው ይህ ግስም «ዌንት» ይል ነበር። ቀስ በቀስ ትርጉሙ ወደ መጓዝ አዘነበለ፤ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ገደማም «ዌንት» በደቡብ እንግሊዝ የ«ኤኦዴ»ን ቦታ ወረሰ። ስኮትላንዶች ግን ከራሱ ከ«ጎ» የተሠራውን «ጌድ» ይዘው ቆዩ።

አማርኛ ተናጋሪ በዚህ ሊገረም አይገባም። «መጣ» እንላለን፤ ሰው ስንጠራ ግን «ና» ነው። እንዲህ ያለው ቅይጥ የሚጸናው ዘወትር በሚነገሩ ግሶች ላይ ነው፤ ልጅ ከአፍ ከአፍ እየሰማ ይለምዳቸዋልና።

የ«ጎ» ጉዞ በዚህ አላበቃም። ከ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አንስቶ «ጎይንግ ቱ» ገና የሚሆነውን ነገር መናገሪያም ሆነ። ዛሬ ምግብ ሲበላሽ፣ ሰው ሲያብድ እንኳ በ«ጎ» ይነገራል። የ«ዌንት» የቀድሞ ባለቤት «ዌንድ» ግን ከጥቂት አባባሎች በቀር አይሰማም፤ «ዌንት»ን ስላጣም «ዌንዲድ» የሚል አዲስ ያለፈ ጊዜ አበጅቷል።