ስንዱ ገብሩ
ስንዱ ገብሩ (እ.ኤ.አ. 1916–2009)፦ አርበኛ፣ መምህርትና ደራሲ። አባታቸው የጎንደርና የአዲስ አበባ ከንቲባ የነበሩት ገብሩ ደስታ ናቸው። በስዊዘርላንድ የተማሩት ስንዱ፣ ጣሊያን ኢትዮጵያን ሲወር ፋሻ እየጠቀለሉ ቁስለኛ አስታመሙ፤ ቀጥለውም ከጥቁር አንበሳ አርበኞች ጋር ዘመቱ። ተማርከው ሰርዲኒያ አጠገብ ባለችው አዚናራ ደሴት ታሰሩ። ግዞቱ ብዙዎችን የሰበረ ነበር፤ እሳቸው ግን ከነጻነት በኋላ ጊዜ ሳያጠፉ ወደ ማስተማር ገቡ። የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ርእሰ መምህርት ሆነው ለልጃገረዶቹ ቴአትር ይጽፉ ነበር፤ የአርበኞቹ ታሪክ ከመድረክ በተማሪዎቹ አንደበት ተሰማ። ይህ ሥራቸው ከዘመቻው እኩል ሊታወስ ይገባዋል። እ.ኤ.አ. በ1957 ተመርጠው የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት የፓርላማ አባል ሆኑ።