ስምና ናሙና፤ የደቡብ አሜሪካ የስቲሌቶ ዝንቦች ምደባ ታሪክ

«ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» የሚለው አባባል የተነገረው ስለ ሰው ነው። በእንስሳት ጥናት ዘርፍ ግን ስም ከበድኑ ተለይቶ ብዙ መንገድ አይሄድም። ለአንድ የእንስሳ ዝርያ የተሰጠ ሳይንሳዊ ስም፣ ስሙ በወጣበት ጊዜ ከተመረመረ ናሙና ጋር የታሰረ ነው። ናሙናው በስፒል ተወግቶ፣ መለያ ወረቀት ተደርጎለት፣ በአንድ ቤተ መዘክር መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል። ከብዙ ዓመታት በኋላ ስለ ስሙ ጥርጣሬ የገባው ተመራማሪ የመጨረሻውን ዳኝነት የሚጠይቀው ከመጽሐፉ ሳይሆን ከዚያ መሳቢያ ነው። መሳቢያው የተቃጠለ እንደሆነስ? የደቡብ አሜሪካ የስቲሌቶ ዝንቦች ምደባ ታሪክ ይህን ጥያቄ በተግባር የተጋፈጠ ታሪክ ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የስቲሌቶ ዝንቦች በሳይንሳዊ አጠራሩ ቴሬቪዴ የሚባለው ቤተሰብ አባላት ናቸው። ስቲሌቶ ማለት ቀጭንና ሹል ጩቤ ሲሆን፣ ስያሜውም የመጣው የብዙዎቹ ዝርያዎች ሆድ ወደ ጫፉ እየሾለ የሚሄድ በመሆኑ ነው። በመላው ዓለም ከአንድ ሺህ የሚበልጡ ዝርያዎች ተመዝግበዋል። እጫቸው እንደ እባብ ረጅምና ቀጭን ሆኖ በአሸዋና በደረቅ አፈር ውስጥ እየተሳበ የሌሎች ነፍሳትን እጮች አድኖ ይበላል። ያደገው ዝንብ ግን አዳኝ አይደለም፤ ውሃና የአበባ ወለላ የመሳሰሉትን ፈሳሾች እየመጠጠ ይኖራል። አብዛኞቹ ዝርያዎች አሸዋማ የባሕር ዳርቻን፣ ደረቅ ቁጥቋጦንና የወንዝ ዳርን ይመርጣሉ። ስለሆነም ከአንዲስ ተራሮች በስተ ምዕራብ የተዘረጋው የቺሊ ምድር ለእነዚህ ዝንቦች የተመቸ መኖሪያ ሆኗል።

አንድን ዝንብ ከዚህ ቤተሰብ ለመመደብ ብዙ ምልክቶች በቅደም ተከተል ይመረመራሉ። በመጀመሪያ የእግሩ ጫፍ ይታያል። በጥፍሮቹ ሥር ሦስት ለስላሳ መርገጫዎች ያሉት ከሆነ የሌላ ቤተሰብ ነው፤ የስቲሌቶ ዝንብ ያለው ሁለት ብቻ ነው። ቀጥሎ ራሱ ይመረመራል። በመልክ በጣም የሚመሳሰለው አሲሊዴ የሚባለው አዳኝ ዝንብ በሁለቱ ዓይኖቹ መካከል የጎደጎደ ስፍራና ጠንካራ መውጊያ አለው። የስቲሌቶ ዝንብ ግን ይህ ጉድጓድ የለውም፤ አፉም ለስላሳ ነው። በመጨረሻ ክንፉ ይታያል፤ ከጅማቶቹ አንዱ ለሁለት ተከፍሎ የክንፉን ጫፍ ከላይና ከታች ያቅፈዋል። እስከዚህ ድረስ ያለውን ሥራ ጥሩ ማጉያ መነጽር ያለው ትጉህ ተማሪም ሊፈጽመው ይችላል።

ችግሩ የሚጀምረው ዝርያውን ለመለየት ሲፈለግ ነው። የጥንቶቹ ተመራማሪዎች በአብዛኛው የተመሠረቱት በቀለም፣ በፀጉርና የዝንቡን ገላ በሚሸፍነው አቧራ መሰል ልባስ ላይ ነበር። እነዚህ ምልክቶች ግን ዘላቂ አይደሉም፤ ፀጉሩ ይረግፋል፣ ልባሱ በመነካካት ይለቃል፣ ከገላው የሚወጣ ቅባትም መልኩን ያጨልመዋል። ከዚህም በላይ በብዙ ዝርያዎች ወንዱና ሴቷ በመልክ እጅግ ስለሚለያዩ፣ አንዱ ዝርያ ሁለት ጊዜ ተመዝግቦ የሁለት ስም ባለቤት ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ጥርጣሬ ሲነሣ ጽሑፉ ብቻውን አይበቃም፤ ናሙናውን ራሱን ማየት ግድ ይሆናል።

የደቡብ አሜሪካን ዝንቦች መግለጽ የተጀመረው በአውሮፓ ነበር። በጀርመን ኪል ከተማ ይኖር የነበረው ሐኪም ክርስቲያን ቪዴማን ከአውሮፓ ውጭ ስለሚገኙ ባለ ሁለት ክንፍ ነፍሳት የጻፈውን ሥራ በ1828 እና በ1830 በሁለት ቅጽ አሳተመ፤ ከብራዚል የተላኩ ዝንቦችም በውስጡ ይገኛሉ። ቀጥሎ የመጣው ሩዶልፍ አማንዱስ ፊሊፒ ነው። ይህ ሰው በ1851 ከጀርመን ወደ ቺሊ ተሻግሮ በ1853 የሳንቲያጎው ብሔራዊ ቤተ መዘክር ኃላፊ ሆነ። የቺሊን ዝንቦች ዝርዝር በ1865 ያሳተመው ግን በቪየና ነበር። በዚያ ዘመን በመለያ ወረቀት ላይ የአገር ስም ብቻ መጻፍ የተለመደ ነበር። ቺሊ ከሰሜን እስከ ደቡብ ከ4,000 ኪሎ ሜትር በላይ እንደምትረዝም ሲታሰብ፣ «ቺሊ» የሚል ቃል ብቻ የያዘ ወረቀት ከበረሃና ከዝናባማ ደን የትኛውን እንደሚያመለክት ማወቅ አይቻልም።

የተበታተነውን እውቀት በአንድ ላይ የሰበሰበው የሐምቡርጉ ኦቶ ክሮበር ነው። ክሮበር የደቡብና የመካከለኛው አሜሪካን የስቲሌቶ ዝንቦች የሚመለከት ሰፊ ሥራውን በ1911 በቡዳፔስት ብሔራዊ ቤተ መዘክር መጽሔት ላይ አወጣ። በ1913 ደግሞ የዚህን ቤተሰብ የዓለም ወገኖች በሙሉ የሚያጠቃልል ሌላ ሥራ አሳተመ። በአውሮፓ ቤተ መዘክሮች የተከማቹ ናሙናዎችን እየመረመረ መለያ ቁልፍ አዘጋጀ፤ ለብዙ ዝርያዎችም ስም አወጣ። ከእርሱ በኋላ የተነሣ ማንኛውም የዘርፉ ተመራማሪ የክሮበርን ገጾች ሳይገልጥ ሥራውን ሊጀምር አይችልም።

ዳሩ ግን ገጾቹ የቆሙባቸው ናሙናዎች ሁሉ በቦታቸው አልቆዩም። በሐምሌ 1943 ሐምቡርግ በአውሮፕላን ስትደበደብ የከተማዋ የእንስሳት ቤተ መዘክር ወደመ። በፈሳሽ ውስጥ የተቀመጡት እንስሳት አስቀድመው ከሕንፃው ወጥተው ስለነበር ተረፉ፤ በስፒል የተወጉት ደረቅ ነፍሳት ግን ተቃጠሉ። አሥራ ሦስት ዓመት ቆይቶ፣ በ1956 በሃንጋሪ ሕዝባዊ ዓመፅ ተነሥቶ በቡዳፔስት ጎዳናዎች ላይ ውጊያ ሲካሄድ፣ የዚያው አገር ቤተ መዘክር የዝንብ ክምችት በእሳት ጠፋ። በሁለቱ እሳቶች ከጠፉት መካከል ለስም መሠረት የሆኑ ናሙናዎች ነበሩ። ስሞቹ በመጽሐፍ ላይ እንደተጻፉ ቀሩ፤ የሚያመለክቱት አካል ግን አመድ ሆነ።

በዚህ መካከል ሌላ ሥራ በሌላ መንገድ ተሠርቶ ነበር። የለንደኑ ብሪቲሽ ሙዚየም ባልደረባ ኤድዋርድስና አሜሪካዊው ሻነን በ1926 እና በ1927 ወደ ፓታጎንያና ወደ ደቡብ ቺሊ ተጉዘው ብዛት ያላቸው ዝንቦች ሰበሰቡ። ከዚያ ጉዞ ከተገኙት መለያ ወረቀቶች አንዱ «ደቡብ ቺሊ፣ ላንኪዌ አውራጃ፣ ካሳ ፓንጌ፣ ታኅሣሥ 4–10፣ 1926» የሚል ሲሆን የሰብሳቢዎቹንም ስም ይዟል። ከስፒል ራስ ብዙም የማይሰፋ ወረቀት ይሁን እንጂ፣ ማንም ሰው በዚያው ወር ወደዚያው ስፍራ ተመልሶ ዝንቡን እንዲፈልግ ያስችለዋል። ከስብስቡ የስቲሌቶ ዝንቦችን የመረመረው በስኮትላንድ ተወልዶ በአሜሪካ የኖረው ጆን ራስል ማሎክ ነው። ማሎክ በ1932 ባሳተመው ሥራ አዳዲስ ወገኖችን አቋቁሟል፤ «ጥቁር ቴሬቫ» የሚል ትርጉም ያለው ሜላኖቴሬቫ አንዱ ነው።

ናሙናው ለጠፋበት ስም መፍትሔው በዓለም አቀፉ የእንስሳት ስያሜ ደንብ ተደንግጓል። የጥንቱ ደራሲ ከአንድ በላይ ናሙና ተጠቅሞ እንደሆነና አንዱ በሌላ ቤተ መዘክር ተርፎ ከተገኘ፣ እርሱ የስሙ መሠረት ሆኖ ሊመረጥ ይችላል። አንድም ካልተረፈ ምትክ ናሙና መሰየም ይፈቀዳል። ይህ ግን እንደ ልብ የሚደረግ አይደለም። ምትኩ የሚሰየመው የስሙን ትርጉም መወሰን አስፈላጊ ሲሆን ብቻ ነው። ከቀድሞው ገለጻ ጋር መስማማት፣ በተቻለ መጠን ከመጀመሪያው ስፍራ አጠገብ የተገኘ መሆን፣ እንዲሁም በታወቀ ተቋም መቀመጥ አለበት። የጠፋው ናሙና አንድ ቀን ቢገኝ ምትኩ ማዕረጉን ለባለቤቱ ይለቃል። እንግዲህ «ቺሊ» ተብሎ ብቻ የተጻፈበት ዝንብ ሲቃጠል ምትኩን ከየት መፈለግ እንደሚገባ የሚነግር የለም። የካሳ ፓንጌው ዝንብ ቢጠፋ ግን መንገዱ የታወቀ ነው።

የመለኪያ ታሪክ ለመሐንዲስ ይህን ነገር ይበልጥ ግልጽ ያደርግለታል። ሜትርም ከ1889 ጀምሮ በፓሪስ አጠገብ ከተቀመጠ የፕላቲኒየምና የኢሪዲየም ዘንግ ጋር የታሰረ ነበር። በ1960 ከዘንጉ ተፈትቶ በብርሃን ሞገድ ተተረጎመ። ኪሎግራምም በ2019 ከብረቱ ተላቆ በተፈጥሮ ቋሚ ቁጥር ላይ ተመሠረተ። ዛሬ ዘንጉ ቢጠፋ የሜትር ትርጉም አይናወጥም። የዝርያ ስም ግን እንዲህ ያለ ነፃነት አላገኘም፤ ምክንያቱም ዝርያ በቀመር የሚወሰን ሳይሆን በተፈጥሮ ውስጥ የሚገኝ፣ ወሰኑም በጥናት እየተሻሻለ የሚሄድ ነገር ነው። ገለጻው ሲለወጥ ሳይለወጥ የሚቆየው ያ አንድ ናሙና ብቻ ነው።

ከሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወዲህ የምርመራው መንገድ ጠልቋል። በአሜሪካ ኢሊኖይ የሠራው ማይክል ኧርዊንና የዴንማርኩ ሊነቦርግ የቤተሰቡን ወገኖች ሲከፋፍሉ ለወንዱ የመራቢያ አካል ቅርጽ ከፍተኛ ግምት ሰጥተዋል። በዚህ ዘዴ የሆዱ ጫፍ ተቆርጦ በፖታሽ ውህድ ይለሰልሳል፣ በማጉያ ሥር ይሣላል፣ ከዚያም በግሊሰሪን በተሞላች ትንሽ ብልቃጥ ውስጥ ሆኖ ከባለቤቱ ጋር በአንድ ስፒል ይቀመጣል። ይህ ቅርጽ እንደ ፀጉር አይረግፍም። ኧርዊን በ1977 ባሳተመው ጥናት ከደቡብ ምዕራብ ሰሜን አሜሪካ የተገኘ አንድ አዲስ ወገን ለቺሊና ለአውስትራሊያ ወገኖች የቅርብ ዘመድ መሆኑን አሳየ። እንዲህ ያለ ዝምድና የአህጉራትን የጥንት ታሪክ ስለሚነካ፣ የአንድ ዝንብ ስም ስህተት በአንድ መሳቢያ ውስጥ ተወስኖ አይቀርም። ዛሬ ከአንድ እግር ዲ.ኤን.ኤ. አውጥቶ ዝርያዎችን ማነጻጸር ይቻላል፤ ቢሆንም የተገኘው ውጤት ለየትኛው ስም እንደሚሰጥ የሚወስነው አሁንም የስሙ ናሙና ነው።

ክሮበር ሥራውን በትጋት ሠርቷል፤ እሳቱም የእርሱ ጥፋት አልነበረም። ይሁን እንጂ ታሪኩ አንድ ነገር አረጋግጧል። ለሚቀጥለው ትውልድ የሚተላለፍ ሥራ መመዘን ያለበት ማስረጃው በእጅ ሳለ በሚሰጠው አገልግሎት ብቻ አይደለም፤ ማስረጃው ሲጠፋ ሌላ ሰው መንገዱን መልሶ ሊያገኝበት መቻሉም ይመዘናል። ስፍራውና ቀኑ በትክክል የተጻፈ ትንሽ ወረቀት፣ በሁለት ከተሞች የተከፋፈለ ናሙና፣ ከጽሑፉ ጋር የተያያዘ ጥንቁቅ ሥዕል፣ እነዚህ በሚሠሩበት ዕለት ከልክ ያለፈ ጥንቃቄ ሊመስሉ ይችላሉ። ዋጋቸው የታወቀው በሐምቡርግና በቡዳፔስት አመዱ ከበረደ በኋላ ነው።