የሸክላ ዘፈን ዘመንና የአምሃ ሪከርድስ ዕጣ

በላስታ ደጋ አዝማሪ ማሲንቆውን ይዞ ሲዘፍን አድማጩ አፉን ዘግቶ አይቀመጥም። «ተቀበል!» እያለ ግጥም ያቀብላል፤ አዝማሪውም የተቀበለውን በዜማ አሳምሮ ይመልሳል። የዘፈኑ ርዝመት በሰዓት አይለካም፤ ጨዋታው እስኪበተን ይዘልቃል። ስማቸውን ከወሎ ምድር ያገኙት ባቲና አምባሰል የተባሉት ቅኝቶች ከትዝታና ከአንቺ ሆዬ ጋር ከትውልድ ወደ ትውልድ የተሸጋገሩት በዚህ ዓይነት የቃል ቅብብሎሽ ነው። እነዚህ ቅኝቶች ጥቂት ደቂቃዎችን ብቻ በሚይዝ ሸክላ ላይ ሲቀረጹ ምን አተረፉ? ምንስ አጡ? የአምሃ ሪከርድስ አነሣስና አወዳደቅ ለዚህ ጥያቄ ግልጽ መልስ ይሰጣል።

የኢትዮጵያ ድምፅ በሸክላ የተቀረጸው ቀደም ብሎ ነው። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በጀርመን አገር ዘፈኖቻቸውን ያስቀረጹት ከ1908 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባሉት ዓመታት ነበር። በ1948 እ.ኤ.አ. ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት በንጉሠ ነገሥቱ አዋጅ ለአገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጠ። ታላላቆቹ ኦርኬስትራዎችም የክብር ዘበኛ፣ የፖሊስ፣ የጦር ሠራዊትና የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ነበሩ። የንፋስ መሣሪያው፣ መድረኩና የድምፃውያኑ ደመወዝ ሁሉ በመንግሥት እጅ ስለ ነበር፣ የሕዝብ ፍቅር ያተረፈ ድምፃዊ እንኳ ከተቋሙ ወጥቶ ሥራውን በራሱ ስም ለገበያ የማቅረብ ዕድሉ ጠባብ ነበር።

ይህን አጥር የጣሰው የሃያዎቹን ዕድሜ ገና ያልጨረሰ አንድ ወጣት ነጋዴ ነው። አምሃ እሸቴ በ1969 እ.ኤ.አ. አዋጁ ሳይሻር በአዲስ አበባ አምሃ ሪከርድስን አቋቁሞ የፖሊስ ኦርኬስትራ ፍሬ በሆነው በዓለማየሁ እሸቴ ዘፈን ሥራውን ጀመረ። ሊከተለው የሚችለውን ቅጣት ሳያውቅ አልቀረም፤ ነገር ግን ሸክላው በሕዝብ ዘንድ ተወዳጅ ሆነ፤ ሥራውም ቀጠለ። ከዚህ በኋላ ማህሙድ አህመድ፣ ሙሉቀን መለሰና ግርማ በየነ በኩባንያው ስም ተደመጡ። የሙላቱ አስታጥቄ «የካቲት» የተሰኘው አልበምም በ1974 እ.ኤ.አ. የወጣው በዚሁ ኩባንያ ነው። ኩባንያው እስከ 1975 እ.ኤ.አ. ድረስ 103 ትናንሽ ሸክላዎችንና 12 ያህል አልበሞችን አሳተመ። ፊሊፕስና ካይፋ ሪከርድስም ፈሩን ተከትለው ወደ ገበያው ገቡ፤ የአንድ ማኅበር ብቸኛ መብትም በተግባር አከተመ።

ትርፉ ቀላል አልነበረም። ድምፃዊው የራሱን ስም ይዞ ወጣ፤ የግል ባንዶች ተስፋፉ፤ የጥንቶቹ ቅኝቶችም ከሳክስፎንና ከኤሌክትሪክ ጊታር ጋር ተዋሕደው በአዲስ ልሳን ተናገሩ። ኪሳራውም አብሮ መጣ። የሸክላ አድማጭ «ተቀበል!» ቢል የሚመልስለት የለም። እንደ ሁኔታው ሲረዝምና ሲያጥር የነበረው ዘፈን በሸክላው ገጽ ልክ ተመጥኖ ተቆረጠ።

ከዚህ ሌላ ኩባንያው ከመሠረቱ አንድ ድክመት ነበረበት። ዜማው የአገር፣ ድምፁ የአገር ሲሆን ሸክላው የሚታተመው መጀመሪያ በሕንድ፣ ቀጥሎም በሊባኖስ ነበር። በአገር ውስጥ የራሱ ማተሚያ አልነበረውም። ገዢውም በአብዛኛው የማጫወቻ መግዣ አቅም ያለው ከተሜ ነበር። ሙዚቀኞቹን ያፈራውና ያኖረው ደግሞ የከተማው የሌሊት ጨዋታ ነው። በ1974 እ.ኤ.አ. አብዮቱ ፈንድቶ የሰዓት እላፊ ሲታወጅ ይህ የሌሊት ሕይወት ተቋረጠ። በ1975 እ.ኤ.አ. አምሃ አገሩን ለቆ ወደ አሜሪካ ሄደ፤ በዚያው ዓመት በሊባኖስ የእርስ በርስ ጦርነት ተነሣ። ቀጥሎ የመጣው ካሴት ዋጋው ርካሽ፣ መቅዳቱም ቀላል ነበር፤ በባትሪ ድንጋይ ስለሚሠራም መብራት ወዳልገባበት ገጠር ዘለቀ። ካይፋ ወደ ካሴት ተሸጋግሮ ሥራውን ሲቀጥል አምሃ ሪከርድስ ግን ከነሸክላው ታሪክ ሆነ።

ከሃያ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ፣ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ «ኢትዮፒክስ» በተሰኙ ተከታታይ አልበሞች እነዚያን ቅጂዎች ከፓሪስ ለዓለም አሰማ። አምሃ እሸቴም ሆነ ዓለማየሁ እሸቴ በ2021 እ.ኤ.አ. ከዚህ ዓለም በሞት ሲለዩ ሥራቸው ከአገራቸው ድንበር ባሻገር ታውቆ ነበር።

ይህ የሚያኮራ ቢሆንም ሊያሳስበንም ይገባል። የራሳችን ድምፅ ተመልሶ የተሰማን በባዕድ አገር ኅትመት አማካይነት ነውና። አምሃ ሪከርድስ የወደቀው የዜማ ድርቅ መትቶት አይደለም፤ ማተሚያው በባሕር ማዶ፣ ገበያው በጥቂት ከተሞች ተወስኖ ስለ ነበረ ነው። በላስታና በመላው ወሎ የሚገኙ የባህል ባለሙያዎችና መምህራን ከዚህ የሚወስዱት ትምህርት አለ። የአዝማሪውን ጨዋታ ከአድማጩ «ተቀበል!» ጋር፣ ሳይቆረጥ፣ እንደ ርዝመቱ መቅዳት ዛሬ እንደ ጥንቱ ከባድ አይደለም። ቅጂው ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ ዜማው በተወለደበት አገር፣ በትምህርት ቤትና በቤተ መጻሕፍት ሊቀመጥ ይገባል።