ከወፍ ጠባቂነት ወደ ወፍ ተመልካችነት

በገጠር ተወልዶ ያደገ የማኅበራችን አባል «ወፍ ጠባቂ» ማለት ምን እንደ ሆነ ማንም እንዲያስረዳው አያስፈልገውም። እህሉ ካሸተበት ቀን አንሥቶ እስኪታጨድ ድረስ ማማ ላይ ተቀምጦ፣ ወንጭፉን እያሽከረከረ፣ ጅራፉን እያጮኸ፣ የማሽላውን ዛላ ከወፍ መንጋ የሚያድን ልጅ ነው። ያ ልጅ የቱ ወፍ በማለዳ እንደሚመጣ፣ የቱ በመንጋ የቱ በጥንድ እንደሚበር፣ የትኛው እሸት እንደሚወድና የትኛው የደረቀ ፍሬ እንደሚለቅም ጠንቅቆ ያውቅ ነበር። ነገር ግን መከሩ ሲሰበሰብ ዕውቀቱ ይበተን ነበር እንጂ በወረቀት ላይ አይሰፍርም ነበር።

ወፍን ለማየት ብቻ ብሎ የሚከታተለውን ሰው ደግሞ «ወፍ ተመልካች» ልንለው እንችላለን። ጠባቂው ወፉን ለማባረር ያየዋል፤ ተመልካቹ ወፉ እንዳይሄድበት ትንፋሹን ይውጣል። ከዚህም በላይ ሁለቱን የሚለያቸው አንድ ዕቃ አለ፤ እርሱም ማስታወሻ ደብተር ነው። የአገራችን አዕዋፍ ታሪክ፣ ወፎቹን ያዩ እልፍ ሰዎች ሳሉ፣ ያዩትን በጻፉ ጥቂቶች እጅ የተሠራ ታሪክ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ያን ታሪክ ባጭሩ ተከትሎ፣ ጡረታ የወጣ ወይም ለመውጣት የተቃረበ ባልደረባ በአማኑኤል ሰፈር በረንዳው ላይ ተቀምጦ ሊጨምርበት የሚችለው ምዕራፍ እንዳለ ማመልከት ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1769 ምጽዋ ደርሶ በማግስቱ ዓመት ጎንደር ገባ። በ1790 ያሳተመው ሰፊ የጉዞ መጽሐፍ የሚታወቀው በዓባይ ምንጭ ነው፤ ሆኖም ስለ ወፎቻችንም ብዙ ጽፎበታል። የአገሩን ሰው እየጠየቀ «ንስር»፣ «እርኩም»፣ «አቡ ሐንስ»፣ «ዋሊያ» ሲባል የሰማውን መዘገበ። ዛሬ ዋሊያ ሲባል ሁላችን የስሜኑን የዱር ፍየል እናስባለን፤ የብሩስ ዋሊያ ግን ሆዷ ቢጫ፣ ጀርባዋ አረንጓዴ የሆነች ርግብ ናት። በ1793 ለዚህች ርግብ የላቲን ስም ሲወጣላት ይኸው «ዋሊያ» የሚለው ቃል ገባበት፤ የዓለም ሊቃውንትም እስከ ዛሬ ድረስ በዚሁ ይጠሯታል። ስሙን ለእንግዳው የነገሩት የአገር ሰዎች ግን በላቲኑ መዝገብ ውስጥ ቦታ አላገኙም።

ከብሩስ በኋላ የመጣው እንግሊዛዊ ሄንሪ ሶልት ነበር። በ1814 ከታተመው መጽሐፉ ጋር ስሟ ለዓለም የተገለጠው አረንጓዴ ትንሽ በቀቀን፣ በተገኘችበት በታራንታ ተራራ ስም ተጠርታለች። ዛሬ ዛፍ ባልጠፋባቸው የአዲስ አበባ ግቢዎች በጥንድ በጥንድ እየጮኸች ስታልፍ የምትታየው ይህችው ናት፤ ግንባሩ ቀይ የሆነው ወንዱ ነው።

ለአማኑኤል ሰፈር ሰው ይበልጥ የሚቀርበው ግን ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል ነው። ይህ የፍራንክፈርት ሰው ከ1831 እስከ 1833 በአገራችን ተዘዋውሮ ስብስቡን ወደ ከተማው ወሰደ፤ ከ1835 እስከ 1840 ባሉት ዓመታትም መግለጫውን በመጽሐፍ አወጣ። በዚያን ጊዜ አዲስ አበባ ገና አልተቆረቆረችም ነበር። ይሁንና ከመርካቶ ሳንወጣ በአንድ ማለዳ ልናያቸው ከምንችላቸው ወፎች መካከል ቢያንስ አራቱ የሳይንስ ስማቸውን ያገኙት ከዚህ ሰው ነው።

የመጀመሪያው ምንቃሩ የወፈረ፣ ማጅራቱ ላይ ነጭ ያለበት ቁራ ነው፤ «የቁራ መልእክተኛ» እያልን የምንተርትበትን ወፍ ሩፔል በ1836 በመዝገብ አሰፈረው። ሁለተኛው ምንቃሩ እንደ ማጭድ የቆለመመው፣ ከጉሮሮው ሥር ቆዳ የተንጠለጠለበት፣ ማለዳና ማታ ከሰማይ እየጮኸ ሰፈሩን የሚያነቃው ወፍ ነው፤ ሊቃውንት ከአይቢስ ወገን ይመድቡታል። ሦስተኛዋ አንገቷ ላይ ነጭ ቀለበት ያላት ርግብ ናት፤ በገደል ላይ መኖር የለመደች ስለሆነች የፎቅ ጠርዝና የቆርቆሮ ጣሪያ እንደ ገደሏ ሆኖላታል። እነዚህ ሁለቱ በ1837 የተገለጡ ሲሆን መኖሪያቸውም የኢትዮጵያና የኤርትራ ደጋ ብቻ ነው። አራተኛዋ ድንቢጥ ናት፤ በ1840 ተመዘገበች። እናቶቻችን እህል ሲያበጥሩ ከሰፌዱ ሥር የምትለቅመውን ድንቢጥ ሁላችን ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቃታለን፤ የጻፋት ግን ሁለት ዓመት ያህል በእንግድነት የሰነበተ ሰው ነበር።

ከዚህ ላይ የሰፈራችንን ታሪክ ማስታወስ ተገቢ ነው። ከጣሊያን ወረራ በፊት የአዲስ አበባ ዋና ገበያ በአራዳ በቅዱስ ጊዮርጊስ አካባቢ እንደ ነበር ይታወቃል። ወራሪው ከ1936 በኋላ የኢትዮጵያውያንን ገበያ ወደ ምዕራብ አዛወረው፤ መርካቶና አዲስ ከተማ የተባሉትም ስሞች የዚያ ዘመን ቅሪቶች ናቸው። ገበያው ሲዛወር እህሉ፣ ቅርጫው፣ የጋማ ከብቱ፣ ጥራጊውም ሁሉ አብሮ ተዛወረ። በእህል በረንዳ የሚፈሰው ፍሬ ለርግብና ለድንቢጥ፣ የሥጋው ትራፊ ለጭልፊትና ለጥንብ አንሳ ማዕድ ነው። የአማኑኤል ቤተ ክርስቲያን ቅጥርም በወር በ28 ለሚሳለመው ምእመን ብቻ ሳይሆን ለዋኖስም መጠለያ ይሆናል። የዚያ ዘመን አንድ ጸሐፊ ወይም አንድ መምህር በየወሩ በ28 ቀን ከቅጥሩ ያያቸውን ወፎች በአንድ መስመር ጽፎ ቢሆን ኖሮ፣ ዛሬ በእጃችን ከአንድ ሺህ በላይ መስመሮች ያሉት የሰፈር ታሪክ ይኖረን ነበር።

በአገር ውስጥ ወፍን በማኅበር መመልከት የተጀመረበት ዋናው ዘመን 1960ዎቹ ናቸው። የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር በ1966 ተመሠረተ፤ የጥናት መጽሔቱንም «ዋሊያ» አለው። በቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት አሜሪካዊው ኤሚል አርባን ከሌስሊ ብራውን ጋር ሆነው የኢትዮጵያን ወፎች ዝርዝር አዘጋጁ፤ በ1971 ያሳተመውም ያው ዩኒቨርሲቲ ነው። ሁለቱ ሰዎች በሻላ ሐይቅ ደሴት ላይ የሚፈለፈሉትን ነጫጭ ፔሊካኖች ሕይወት በቅርብ አጥንተዋል። ብራውን በኬንያ የግብርና መሥሪያ ቤት ከፍተኛ ሹም የነበሩ ሲሆን፣ መንግሥታዊ ሥራቸውን በ1963 ከተዉ በኋላ ቀሪ ዘመናቸውን ለወፍና ለጽሕፈት አውለዋል።

ከሁሉ ይልቅ ለእኛ ምሳሌ የሚሆኑት ግን ጆን አሽ ናቸው። እኒህ እንግሊዛዊ በ1969 አዲስ አበባ መጥተው ስምንት ዓመት ያህል ሲሠሩ፣ የአላፊ ወፎችን እግር ቀለበት እያሰሩና በየሄዱበት እየመዘገቡ ኖሩ። በ1976 በአንኮበር ገደል አፋፍ ላይ ማንም ያልመዘገባት ቡናማ ትንሽ ወፍ አግኝተው በ1979 አንኮበር በሚል ስም አሳወቋት። አንኮበር የሸዋ ነገሥታት መናገሻ፣ በ19ኛው መቶ ዓመት የእንግሊዝና የፈረንሳይ መልእክተኞች የተመላለሱባት ከተማ ነበረች፤ ያችን ወፍ ግን እስከ 1976 ድረስ የጻፋት አልነበረም። አሽ ከዚያ በኋላ ማስታወሻቸውን አልጣሉም። ከ80 ዓመት ዕድሜ በላይ ሳሉ፣ በ2009፣ ከጆን አትኪንስ ጋር የኢትዮጵያንና የኤርትራን ወፎች ሥርጭት የሚያሳየውን ታላቅ መጽሐፍ አወጡ። አገሩን በካርታ ላይ በእኩል አራት ማዕዘኖች ከፍሎ በየትኛው ማዕዘን የትኛው ወፍ እንደ ታየ የሚያመለክት ሥራ ነው። ከ850 በላይ የወፍ ዓይነቶች ያሉትን አገር እንዲህ መዝግቦ ለማሳየት ሊቅነት ብቻውን አይበቃም፤ አርባ ዓመት ያልተቋረጠ ማስታወሻ መያዝንም ይጠይቃል።

እንዲህ ያለው ትዕግሥት የጡረተኛ ሀብት ነው። በሥራ ዘመናችን ደወል፣ ስብሰባና ፈተና ማረም ማለዳችንን ወስዶብናል። ወፍ ደግሞ የሚታየው በማለዳ ነው። ሥራ የተወ ሰው ቡናው እስኪፈላ በረንዳው ላይ ተቀምጦ የሚያሳልፈው ግማሽ ሰዓት ለዚህ በቂ ነው፤ በጓሮው ጤና አዳምና ጥቂት አበባ ቢኖር አበባ ቀሳሚዋ ወፍ ራሷ ትመጣለች። መስከረም ሲጠባ ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡት እንግዶች ይደርሳሉ፤ ጭራዋን የምትወዘውዘው ቢጫ ወፍ በሣር ላይ ስትታይ የመጀመሪያውን ቀን መጻፍ ነው። ጉልበት የሚፈቅድለት ደግሞ ከመርካቶ በአምቦ መንገድ ወጥቶ ገፈርሳ የውኃ ግድብ ዳር ቢቆም፣ በኢትዮጵያ ደጋ ብቻ የሚኖረውን ሰማያዊ ክንፍ ያለውን ዝይ አንገቱን ጀርባው ላይ ጥሎ ሲያርፍ ሊያገኘው ይችላል። የእንጦጦና የመናገሻ ሱባ ደኖችም የአንድ ቀን መንገድ ናቸው። የሚያስፈልገው አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር፣ የሚመች ጫማና እንደ ራስ ዝግ ያለ ባልደረባ ነው።

ነገሩ የመዝናኛ ጉዳይ ብቻ እንዳይመስለን ግን አንድ ማስረጃ ልጥቀስ። በ1990ዎቹ በሕንድና በፓኪስታን ጥንብ አንሶች በሚያስደነግጥ ፍጥነት አለቁ። ጥፋቱ መጠኑ ሊታወቅ የቻለው ቀደም ብሎ የቆጠሯቸውና የጻፉ ሰዎች ስለነበሩ ነው። በ2004 ምክንያቱ ለከብት ሕመም የሚሰጥ ዳይክሎፌናክ የተባለ መድኃኒት መሆኑ ተረጋገጠ፤ ከዚያም በኋላ በእነዚያ አገሮች ለከብት እንዳይሰጥ ታገደ። በ2015 ደግሞ በአፍሪካ የሚኖሩ በርካታ የጥንብ አንሳ ዓይነቶች፣ በሩፔል ስም የሚጠራውና በከተማችን ቄራ ዙሪያ ስናየው የኖርነው ትንሹ ጥንብ አንሳ ጭምር፣ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ወፎች ተርታ ተመደቡ። ከአንድ ጣሪያ ላይ በአንድ ጊዜ ስንት ጥንብ አንሳ ይታይ እንደ ነበር ሽማግሌዎቻችን ያስታውሳሉ። ትዝታው ከእነርሱ ጋር ከማለፉ በፊት ዓመቱና ቦታው ተጠቅሶ ሊጻፍ ይገባዋል።

ከቁጥሩ ጋር ስሞቹም ያሳስባሉ። በየወረዳው ለየወፉ የወጣው አማርኛ ስም በአብዛኛው የወፍ ጠባቂው ልጅ ሀብት ነው። ያ ልጅ ዛሬ በከተማ የሚኖር ሽማግሌ ሆኗል፤ የልጅ ልጁ የሚያውቀው «ወፍ» የሚለውን አንዱን ቃል ብቻ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በደብተራችን ላይ አራት ነገሮች ይስፈሩ፤ ቀኑና ሰዓቱ፣ ቦታው፣ ብዛቱ፣ እንዲሁም በተወለድንበት አገር የሚጠራበት ስም። ስሙን የማናውቀው ወፍ ሲገጥመን መልኩንና ጩኸቱን መጻፍ ይበቃል።

ብሩስ ስሞቹን ከአባቶቻችን አፍ ለቅሞ በባዕድ ቋንቋ ጻፈ፤ ሩፔል የጣሪያችንን ርግብ በፍራንክፈርት መዘገበ። እነርሱ የሚመሰገኑበት ሥራ ነው፤ ለእኛ ግን ገና ያልተሠራው ብዙ ነው። በሚመጣው ዘመን የአማኑኤልን ሰፈር ታሪክ የሚጽፍ ሰው ስለ ነጋዴውና ስለ ሕንፃው ብዙ ሰነድ ያገኝ ይሆናል። ከዚያ ጣሪያ ላይ በየማለዳው ምን ይዘምር እንደ ነበር የሚያውቀው ግን እኛ በጻፍንለት መጠን ብቻ ነው።